አጎዋ ከቆመ በኋላ ሐዋሳ ላይ ምን ቀረልን?

ይህን ተሞክሮ የምጽፈው የልብስ ስፌት ድርጅት አቋቁመው ምርታቸውን ወደ ውጭ ለመላክ ለሚያስቡ፣ ወይም ጀምረው መንገዱ ለጠበባቸው ሰዎች ነው። እኔና ሁለት ሸሪኮቼ ሐዋሳ ላይ አንድ መካከለኛ የስፌት ድርጅት እናስተዳድራለን። ድርጅታችን አጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ አገሮች ምርታቸውን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የሚያስገቡበት የአሜሪካ ሕግ፣ ለኢትዮጵያ ሲቆም ዋና ገበያው ተዘግቶበት፣ ሠራተኛው ፈልሶበት፣ በዶላር እጥረት ጨርቅ ማስገባት እስከማይችልበት ደረጃ ደርሶ ነበር፤ ዛሬ ደመወዝ በወቅቱ ይከፍላል፣ ቋሚ ደንበኞችም አሉት። በእነዚያ ዓመታት ለማንኛውም ውሳኔ መመዘኛ ያደረግነው ጥያቄ «ከሌላው እንበልጥበታለን የምንለውን ይህን ነገር ማን ሊወስድብን ይችላል?» የሚለው ነው። የሚከተለውን የምተርከውም በዚሁ ጥያቄ ዙሪያ ነው።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ በከተማው የነበረው ተስፋ ዛሬ ቢነገር የሚታመን አይመስለኝም። የመጀመሪያው ምዕራፍ በ250 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጪ በዘጠኝ ወር ውስጥ ተገንብቶ፣ የአሜሪካ ብራንዶችና ከእስያ አብረዋቸው የመጡት አምራቾች ሼዶቹን መያዝ ጀመሩ። እኛ ከፓርኩ ውጭ ቤት ተከራይተን፣ በውስጡ ካሉት ፋብሪካዎች ለአንዱ የሚበዛበትን ሥራ እየተቀበልን በመስፋት ጀመርን። ለባንክ ያቀረብነው የሥራ ዕቅድ አራት ብልጫዎችን ይዘረዝር ነበር፤ እነሱም ወደ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ መግባት፣ ርካሽ ጉልበት፣ ርካሽ ኤሌክትሪክና መንግሥት ለላኪዎች የሚሰጠው ማበረታቻ ናቸው። አራቱም እውነት ነበሩ። የጥጥ ቲሸርት አሜሪካ ሲገባ መደበኛ ቀረጡ 16.5 በመቶ ነው፤ ከሰው ሠራሽ ክር በተሠሩ አንዳንድ ልብሶች ላይ ደግሞ 32 በመቶ ይደርሳል። በአጎዋ ግን ይህ ሁሉ ዜሮ ነበር። ከአራቱ አንዱም በእኛ እጅ የተሠራ አለመሆኑን ያስተዋለ ሰው አልነበረም፤ ብድሩን ያጸደቀው ባንክም ቢሆን አልጠየቀንም።

ስለ ርካሽ ጉልበት ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ቢዝነስ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ባወጡት ሪፖርት የኢትዮጵያ የስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ሲሆን፣ የባንግላዴሽ 95፣ የኬንያ 207 ዶላር ነበር። እነዚህን አኃዞች ያየ ሰው ውድድሩ ሳይጀመር አሸንፈናል ቢል አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ገዢው የሚከፍለው ለልብሱ እንጂ ለሠራተኛው ወር አይደለም፤ የልብሱ ዋጋ የሚወጣው ደግሞ በደቂቃ ነው። አንድ ልብስ በመደበኛ ልኬት 8 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። በ80 በመቶ ቅልጥፍና የሚሠራ መስመር በ10 ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ በ40 በመቶ የሚሠራው ግን 20 ደቂቃ ይወስድበታል። ደመወዙ የሌላው ግማሽ ቢሆን እንኳ ብልጫው እዚያው ያልቃል። በዚያ ላይ የቤት ኪራዩ፣ የመብራቱ፣ የመካኒኩና የሱፐርቫይዘሩ ወጪ በእያንዳንዱ ልብስ ላይ እጥፍ ሆኖ ይቆጠራል።

ስለዚህ ለማንም ገዢ ዋጋ ከመስጠታችሁ በፊት የአንድ ደቂቃ ወጪያችሁን እወቁ። የሰፊዎቻችሁን የወር የሥራ ደቂቃ በቅልጥፍና መጠናችሁ አባዙ፤ ከዚያ ከጨርቅና ከተጓዳኝ ዕቃ በስተቀር ያለውን የወሩን ጠቅላላ ወጪ ለዚህ ውጤት አካፍሉት። የምታገኙት ቁጥር ሊያስደነግጣችሁ ይችላል፤ እኛን አስደንግጦናል። የቅልጥፍና መጠኑን ስትገምቱ ደግሞ ምኞታችሁን ሳይሆን ያለፉትን ወራት መዝገብ ተጠቀሙ፤ መዝገብ ከሌላችሁ ዛሬውኑ በእያንዳንዱ መስመር ላይ በየሰዓቱ የሚወጣውን ልብስ መጻፍ ጀምሩ።

ቅልጥፍና የሚገኘው ከሰው ሲሆን ሰው ግን አይቆይም ነበር። ያው ሪፖርት ፋብሪካዎቹ በአማካይ በዓመት ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ እንደሚተኩ ገልጾ ነበር፤ የእኛም ሁኔታ ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ምክንያቱ ለማንም ሐዋሳ ለሚኖር ሰው ግልጽ ነው። አብዛኞቹ ሴቶች ከዙሪያው ወረዳዎች የሚመጡ ወጣቶች ናቸው፤ አንድ ክፍል ለብዙ ሆነው ተከራይተው፣ ኪራይና ምግብ ሲቀነስ ለቤተሰብ የሚላክ ነገር አይተርፋቸውም። አንዲት ሰፊ እጇ የሚፈታው ከወራት ሥራ በኋላ ሲሆን፣ ተስፋ ቆርጣ ወደ አገሯ የምትመለሰውም በዚያው ሰሞን ነው። ስለዚህ ለማስተማር ያወጣነው ገንዘብ ሁሉ ፍሬ ሊሰጥ ሲል ከበር ይወጣ ነበር።

ከሞከርናቸው መፍትሔዎች ሦስቱ ሠርተውልናል። የመጀመሪያው ምሳ በድርጅቱ ማቅረብ ነው፤ የምግብ ዋጋ ሲንር የደመወዙን ጉዳት በተወሰነ ደረጃ ይይዛል። ሁለተኛው የቅልጥፍና ጉርሻን በወር መጨረሻ ሳይሆን በየሳምንቱ መክፈል ሲሆን፣ ከሦስቱ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይህ ነው፤ ሠራተኛዋ የዛሬ ትጋቷንና የቅዳሜ ገንዘቧን በቀጥታ ማገናኘት ቻለች። ሦስተኛው ሱፐርቫይዘሮችን ከውጭ መቅጠር ትተን ከሰፊዎቹ መካከል መሾማችን ነው። አብዛኞቹ ሲዳሙ አፎ የሚናገሩ በመሆናቸው አዲስ የመጣች ልጅ ያልገባትን ሳታፍር ትጠይቃቸዋለች፤ ቀድሞ ግን ሳይገባት «ገብቶኛል» ብላ ትሰፋና ልብሱ ስፌቱ ሊፈታ ይመለስ ነበር። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ተፎካካሪ ሊገለብጠው ይችላል፤ ሆኖም ጊዜ ይፈጅበታል፣ በአዋጅም ሊወሰድ አይችልም።

ሠልጥነው የሚሄዱትን በተመለከተ የባንግላዴሽ ታሪክ አስተሳሰቤን ለውጦታል። እ.ኤ.አ. በ1979 ዴሽ የተባለ የባንግላዴሽ ድርጅት ከኮሪያው ዴው ኩባንያ ጋር ተስማምቶ 130 ያህል ሠራተኞቹን ለሥልጠና ወደ ኮሪያ ላከ። ከተመለሱት አብዛኞቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ድርጅቱን ለቀው የራሳቸውን ፋብሪካ አቋቋሙ፤ ወይም የሌሎችን መሩ። ለዴሽ ኪሳራ የነበረው ነገር ለአገሪቱ የስፌት ኢንዱስትሪ መነሻ ሆነ። እኛን ለቀው የሄዱ ሦስት ሱፐርቫይዘሮች ዛሬ ሐዋሳ ውስጥ የሆቴልና የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፉ ትናንሽ ቤቶች አሏቸው፤ ሥራ ሲበዛብን የምናካፍለው ለእነሱ ነው፤ ጥራታችንንም ከእኛ እኩል ያውቁታል። ስለዚህ የሚለቅ ሠራተኛን በጥል አትሸኙ።

ወደ ዋናው ፈተና ልመለስ። የአሜሪካ መንግሥት በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ኢትዮጵያን ከአጎዋ እንደሚያስወጣ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. አስታወቀ፤ በኅዳር ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በፓርኩ የነበረውን የራሱን ፋብሪካ እንደሚዘጋ ገለጸ፤ ከታኅሣሥ 23 ቀን ጀምሮም ውሳኔው ተግባራዊ ሆነ። ሥራ ይሰጠን የነበረው ፋብሪካ የያዘውን ትዕዛዝ ከጨረሰ በኋላ ሌላ አላመጣም። በእኛ ወለል ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ የስፌት መኪናዎቹ፣ ሰፊዎቹና ጥራቱ እዚያው ነበሩ። ዋሽንግተን ላይ በተፈረመ ወረቀት ግን የዕቅዳችን የመጀመሪያ መስመር ተሰረዘ።

በዚያን ጊዜ ሁለት ምክሮች ከሁሉም አቅጣጫ ይመጡ ነበር፤ አንዱ «ይመለሳል፣ ጠብቁ» የሚል፣ ሌላው «መኪናውን ሽጡና ሌላ ሥራ ያዙ» የሚል። ከሁለቱም ያዳነን የማዳጋስካር ምሳሌ ነበር። ማዳጋስካር ከመንግሥት ግልበጣ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ2010 መጀመሪያ አንስቶ ከአጎዋ ወጥታ እስከ 2014 ድረስ ቆይታለች። ብዙ ሠራተኞች ሥራ አጥተዋል፤ የቀሩት ፋብሪካዎች ግን ፊታቸውን ወደ አውሮፓና ወደ ደቡብ አፍሪካ አዙረው ተርፈዋል። የጠበቁት ከአራት ዓመት በላይ መሆኑን ስናስብ፣ ለመጠበቅ የሚበቃ ገንዘብ በእጃችን እንደሌለ ግልጽ ሆነ።

የአውሮፓ ኅብረት ከጦር መሣሪያ በስተቀር ሁሉንም ምርት ከቀረጥና ከኮታ ነፃ የሚያስገባበት ዕድል በማደግ ላይ ላሉ ዝቅተኛ አገሮች አለው፤ ኢትዮጵያም ከእነሱ አንዷ ናት። መደበኛው የልብስ ቀረጥ በአብዛኛው 12 በመቶ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በሌላ አገር የተሸመነ ጨርቅ እዚህ ተቆርጦ ቢሰፋ የኢትዮጵያ ምርት ተብሎ ይቆጠራል። ጭነቱ ከ6,000 ዩሮ በላይ ከሆነ ግን ላኪው በተመዘገቡ ላኪዎች ሥርዓት ውስጥ ተመዝግቦ ቁጥር ሊኖረውና የምርቱን መነሻ በደረሰኙ ላይ ራሱ ሊያረጋግጥ ይገባል። ይህን ምዝገባ ናሙና ከመላካችሁ በፊት ጨርሱት፤ ገዢው ትዕዛዝ ሰጥቶ እናንተ ቁጥር ስትጠብቁ የሚያልፈው ጊዜ ከማድረሻ ቀናችሁ የሚቀነስ ነው።

ነገር ግን ይህ ነፃ መግቢያ ለባንግላዴሽም፣ ለማዳጋስካርም ያለ በመሆኑ ከእነሱ የሚያስበልጠን አልነበረም። የመግቢያ ትኬት እንጂ ወንበር አይደለም። ተራ ቲሸርት ይዘን ያነጋገርናቸው ገዢዎች የሚጠይቁት ዋጋና ፍጥነት ነበር፤ እኛ ደግሞ ጨርቁን ከቻይና ወይም ከህንድ አዝዘን፣ በጅቡቲ አስገብተን፣ በሞጆ ደረቅ ወደብ አሳልፈን፣ ሰፍተን በዚያው መንገድ መልሰን እስክንልክ ድረስ ፋሽኑ ያልፋል። ዳካ ያለ ፋብሪካ ዚፐሩን፣ ቁልፉን፣ ካርቶኑን ከዚያው ከተማ በቀናት ውስጥ ያገኛል። ይህን ርቀት በትጋት ብቻ ማጥፋት አይቻልም።

መፍትሔው የመጣው ጥያቄውን በመገልበጥ ነው። «የትኛውን ገበያ በፍጥነት እናሸንፋለን?» ማለት ትተን «ዘገምተኛነታችንን የማይቀጣ ገበያ የትኛው ነው?» ብለን ጠየቅን። መልሱ የሥራ ልብስ ሆነ፤ የመካኒክ ቱታ፣ የሆስፒታል ልብስ፣ የፋብሪካ ጃኬት። የሥራ ልብስ ሞዴሉ ለዓመታት አይለወጥም፤ አከፋፋዩ በመጋዘኑ ክምችት ስለሚይዝ የሦስትና የአራት ወር ጉዞ አስቀድሞ ይታቀዳል። ትዕዛዙም በመጠንና በቀለም የተበጣጠሰ በመሆኑ በአንድ ሞዴል መቶ ሺህ ልብስ መስፋት የለመዱት ታላላቅ ፋብሪካዎች እምብዛም አይፈልጉትም። ከሁሉ በላይ ያው ሞዴል ዓመት ከዓመት ስለሚደጋገም የሰፊዎቻችን እጅ በእሱ ላይ ይሠለጥናል፤ የደቂቃ ወጪያችን በየትዕዛዙ ወረደ። በቲሸርቱ ዘመን ግን አንዱን ሞዴል ስንለምድ ሌላ ይመጣ ነበር።

የመጀመሪያው ገዢ በሰሜን አውሮፓ ያለ አነስተኛ አከፋፋይ ነው። ሲጀምር የሰጠን ትዕዛዝ ትርፍ የሌለው ትንሽ ሥራ ነበር፤ ተቀበልነው፤ በቀኑም አደረስንለት። ከዚያ በኋላ ያስቸገረን የገዢው መጠየቂያ ቅጽ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በጀርመን ሥራ ላይ የዋለው የአቅርቦት ሰንሰለት ሕግ ታላላቅ ኩባንያዎችን ስለ አቅራቢዎቻቸው የሠራተኛ አያያዝ ተጠያቂ ስለሚያደርጋቸው፣ ለእነሱ የሚሸጠው አከፋፋይም ጥያቄውን ወደ እኛ ያወርዳል። የሠራተኛ ዕድሜ ማስረጃ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የቅሬታ መቀበያ፣ የእሳት መውጫ በር፣ ሁሉም በሰነድ ይጠየቃል። ለሳምንታዊው ጉርሻና ለምሳው ስንል የያዝነው መዝገብ እዚህ ላይ ከጠበቅነው በላይ አገለገለን። ኦዲተር ከመምጣቱ በፊት የሚሠራ ሰነድ ያስታውቃል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ያዙት።

አሁን ስለ አካባቢው ልናገር፤ አንድ ድርጅት ብቻውን ሊገነባው የማይችል ብልጫ አለና። ለኤክስፖርት የሚሆን ባለ አምስት ንብርብር ካርቶን ሐዋሳ ላይ ስላላገኘን ከአዲስ አበባ ወደ 275 ኪሎ ሜትር አስጭነን እናመጣ ነበር፤ ባዶ ካርቶን ማጓጓዝ አየር ማጓጓዝ መሆኑን የሞከረው ያውቀዋል። በከተማው ለመጠጥና ለምግብ ድርጅቶች ካርቶን የሚሠሩ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ።

«ጋሼ፣ ይህንን ጠንካራውን ለምን አይሠሩልንም?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ የአንቺ ትዕዛዝ ማሽኔን ግማሽ ቀን እንኳ አያሠራም፤ ወረቀቱን በምን ሒሳብ ላስመጣ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። በከተማው ያሉ ሌሎች ላኪ ድርጅቶችን አነጋግሬ የካርቶን መጠናችንን በሁለት ልኬት ብቻ አስማማንና ትዕዛዛችንን በየሩብ ዓመቱ አንድ ላይ አቀረብንላቸው። ማስማማቱ ከጠበቅሁት በላይ አድካሚ ነበር፤ ምን ያህል እንደሚልክ ለጎረቤቱ መንገር የማይፈልግ ሰው ብዙ ነው። በመጨረሻ ግን ጋሼ ወረቀቱን አስመጡ፤ የካርቶን ወጪያችንም ቀነሰ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ካርቶን ቢጎድል በማግስቱ የምናገኝ ሆንን። ለተፎካካሪዎቻችንም እንዲሁ ሆነላቸው፤ በዚህ የሚቆጭ ሰው የአካባቢ ብልጫ ምን እንደሆነ አልገባውም።

የዚህን ትልቅ ምሳሌ የሚፈልግ ሰው የፓኪስታኗን ሲያልኮት ይመልከት። ከባሕር እጅግ የራቀች ይህች ከተማ የእግር ኳስ ኳስና የቀዶ ሕክምና መሣሪያ ለዓለም ትልካለች። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነጋዴዎቿ የራሳቸውን ደረቅ ወደብ አቋቋሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ በራሳቸው ገንዘብ የሠሩት ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ሥራ ጀመረ። በኳስ ስፌት ላይ ሕፃናት ይሠራሉ የሚል ክስ ገበያቸውን ሲያሰጋም የከተማዋ የንግድ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1997 ከዓለም ሥራ ድርጅትና ከዩኒሴፍ ጋር ስምምነት ፈርሞ ችግሩን በጋራ ያዘው። አንዱ ድርጅት ብቻውን ንጹሕ ቢሆን ከከተማው መጥፎ ስም አያድነውም ነበር።

ሐዋሳም እንዲህ ያለ የጋራ ሀብት አላት፤ ብዙዎቻችን አናስተዋውቀውም እንጂ። የፓርኩ ፍሳሽ ማጣሪያ ቆሻሻ ውኃ ወደ ውጭ ሳይለቅ አጣርቶ መልሶ ለሥራ እንዲያውል ተደርጎ የተሠራ ነው። ሐይቃችን መውጫ የሌለው በመሆኑ የገባበት ሁሉ እዚያው ስለሚቀር፣ ይህ ለከተማዋ የህልውና ጉዳይ ነው፤ ለገዢም ትልቅ ትርጉም አለው። በህንድ የሹራብ ከተማ በቲሩፑር የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 በወንዝ ብክለት ምክንያት በመቶዎች የሚቆጠሩ ማቅለሚያ ቤቶች እንዲዘጉ አዝዞ የነበረውን የአውሮፓ ገዢዎች አልረሱትም። እኛ መታጠብ ያለበትን ልብስ በፓርኩ ውስጥ ላለ ፋብሪካ ሰጥተን እናሳጥባለን፤ ገዢ ሲመጣም ከስፌት ክፍላችን ቀጥሎ የምናሳየው ማጣሪያውን ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ፤ ላኪዎችም ካገኙት ዶላር ግማሹን እንዲይዙ ተፈቀደ። ለእኛ ትልቁ እፎይታ ሁለተኛው ነበር፤ ጨርቅ ለማዘዝ ባንክ ደጅ መጥናት ቀረ። የምንዛሪው ለውጥ ግን ለሁሉም ኢትዮጵያዊ ላኪ እኩል የተሰጠ ከመሆኑም በላይ ዘይትና ጤፍ ሲወደድ የሠራተኛውን ኪስ ያራቁታል። የመጀመሪያዎቹ ወራት ትርፍ ጥሩ መስሎ ስለታየ ለገዢዎች ዋጋ የቀነሱ ድርጅቶች ደመወዝ መጨመር ግድ ሲሆንባቸው ዋጋውን መልሰው ከፍ ማድረግ አልቻሉም። እኛ ዋጋ አልቀነስንም፤ ልዩነቱን ለሳምንታዊው ጉርሻና ለሁለት አዳዲስ የኪስ መስፊያ መኪናዎች አዋልነው።

ለአዲስ ላኪ ሦስት ነገር ልጨምር። አንድ ገዢ ከምርታችሁ ከሲሶ በላይ እንዲይዝ አትፍቀዱ። የመጀመሪያውን ጭነት ያለ ኤልሲ (የገዢው ባንክ ለክፍያው ዋስ የሚሆንበት ሰነድ) ወይም ያለ ቅድሚያ ክፍያ አትልኩ። የማድረሻ ቀን ስትሰጡ ደግሞ በሞጆና በጅቡቲ ለሚደርስ መዘግየት ሁለት ሳምንት ጨምሩ፤ ቀድሞ የደረሰ ጭነት ማንንም አላስቆጣም።

ገና ያልፈታነው የጨርቁ ጉዳይ ነው። ለሥራ ልብስ የሚሆነው 65 በመቶ ፖሊስተርና 35 በመቶ ጥጥ የሆነ፣ ቀለሙ በተደጋጋሚ እጥበት የማይለቅ ወፍራም ጨርቅ እስካሁን ከቻይና ይመጣል። ካርቶኑን በጋራ የምንገዛው ድርጅቶች የዓመት ፍላጎታችንን ደምረን፣ የጨርቁን ልኬትና የእጥበት ፈተና መስፈርት ጽፈን ይዘናል። ሐዋሳ ወይም አዳማ ላይ ይህን ጨርቅ የሚሸምን ወይም ለመሸመን የሚያስብ ካለ የሙከራ ጥቅሉን ያምጣ፤ ፈተናውን የምናስደርግበትን ወጪ እኛ እንሸፍናለን።